ከቁና እስከ ኩባያ፦ የስፍርና የሚዛን ታሪክ

ኢስተን አካባቢ ካሉት መደብሮች ዘቢብ ወይም ቴምር ገዝቶ፣ ከሀገር ቤት በስልክ የተነገረውን አሠራር ለመከተል የሞከረ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ከወዲያ «ግማሽ ኪሎ ዘቢብ ጨምሪበት» ይባላል። እዚህ ማድ ቤት ያለው መስፈሪያ ግን ኩባያ ነው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደግሞ አውንስ ነው። ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

አማርኛችን ነገሩን ከጥንት ጀምሮ ለይቶታል። በዕቃ ሲለካ «መስፈር»፣ በክብደት ሲለካ «መመዘን» እንላለን። እህል በቁናና በዳውላ ይሰፈር ነበር፤ ወርቅ በወቄት፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘን ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ባወጡት ጥናት እንደሚታየው፣ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አይተካከልም ነበር። «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ክብደቱ የሚገባን ይህን ስናስብ ነው። መንግሥት የሜትሪክ መለኪያን በአዋጅ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

የሚገርመው፣ ወቄትና አውንስ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ቃላት የሚመዘዙት «ኡንኪያ» ከሚለው የሮማውያን ቃል ሲሆን፣ የኛው በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። ለወቄት መመዘኛ ያገለግል የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አውንስም 28.35 ግራም ገደማ ነው።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ከኛ እናቶች ብዙም አይለዩም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የምግብ መጻሕፍታቸው «እንቁላል የሚያህል ቅቤ» እያሉ ይጽፉ ነበር። ፋኒ ፋርመር የተባለችው የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ኩባያም ሆነ ማንኪያ ሞልቶ አፉ በቢላ መስተካከል እንዳለበት አስተማረች። ሚዛን በየቤቱ ስላልነበረ የኩባያ ስፍር ሥር ሰደደ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም።

ኩባያ የሚለካው ግን ቦታን እንጂ ክብደትን አይደለም። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ዘቢብ ሳይጠቀጠቅ ሲሞላበት 145 ግራም ገደማ፣ ተጠቅጥቆ ሲሞላበት 165 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ዘቢብ ሳይጠቀጠቅ ሦስት ኩባያ ተኩል፣ ተጠቅጥቆ ደግሞ ሦስት ኩባያ ነው ማለት ነው። የተከተፈ ቴምርም 147 ግራም ያህል ስለሚሆን ከዘቢብ እምብዛም አይርቅም። የዱቄት ኩባያ ግን 125 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ አንዱን ስሌት ለሁሉም ማዋል አይቻልም ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ጉዳዩ የዘቢብ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን የበርበሬውን፣ የድፎ ዳቦውንና የጠጁን ልክ በዓይናቸውና በእጃቸው መጥነው እንጂ ጽፈው አላቆዩልንም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ያለ ቁጥር አይገባቸውም። እናትዎ ወይም አክስትዎ ለጥየቃ ሲመጡ አንዲት ትንሽ ሚዛን ገዝተው ከአጠገባቸው ያስቀምጡ፤ የሚዘግኑትን ሁሉ ከድስቱ በፊት መዝነው በግራም ይጻፉ። እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። አበው እንዳሉት፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።