ትንሿ ካሚዮንና የጋራዥ አማርኛ

የጂቡቲ ከተማ ከ1888 ጀምሮ ስትቆረቆር የቆመችው በኮራል ድንጋይ አምባዎች ላይ ነው። ጂቡቲ፣ ማራቡና ሰርፓን የተባሉት እነዚህ አምባዎች ኋላ በሰው እጅ በተደለደለ መሬት ተያይዘው አንድ ከተማ ሆኑ። እኛ የምንኖርበት ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደ አማርኛ ሲመለስ «የእባብ አምባ» ማለት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በዚህ አምባ ጠርዝ የሚያልፍ መንገደኛ ክንድ የማትሞላ አንዲት የጭነት መኪና ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተረማመደች ስትወጣ ቢያይ ቆም ማለቱ አይቀርም። አራቱም ጎማዎቿ ይስባሉ፤ የፊት መብራቶቿ ይበራሉ፤ ከኋላም የጣውላ ስፖንዳ አላት።

ባለቤቷ የአሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ይመራታል። መኪናዋ ተሠርታ የተገዛች አይደለችም። በሣጥን ተበትና መጥታ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ ብሎን በብሎን የተገጠመች ናት። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህችው መኪና ብትሆንም፣ ነገሩ ከመጫወቻ ወሰን ያልፋል። እርሷን ለመገጣጠም ስንቀመጥ የገጠመን ችግር የቃል ችግር ነበርና፤ ቃሉን ስንፈልግ ደግሞ የአንድ መቶ ዓመት የመንገድ ታሪክ ላይ ወደቅን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ከሣጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ልጁ እንድተረጉምለት ለመነኝ፤ ትርጉም እንጀራዬ ስለሆነ ነገሩን ቀላል አድርጌ ገመትሁት። ሦስት ማታ ተቀምጬ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ ንጹሕ አማርኛ ነው ያልሁትን ጻፍሁ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተነባብሮ የሚታሰረውን ልምጥ ብረት «ተደራራቢ ተለማጭ ብረት» አልሁት። ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ «የጎን ዘንግ»፣ በውስጡ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች ያሉትን ቀለበት ደግሞ «እንክብል አቀፍ ቀለበት» ብዬ ሰየምሁ። ልጁ ወረቀቱን አነበበ፣ ክፍሎቹን ተመለከተ፣ እንደገና አነበበ፤ በመጨረሻም ወረቀቱን አጥፎ ሥዕሉን ብቻ እያየ መሥራት ጀመረ።

ከቀናት በኋላ በአሰብና በጂቡቲ መንገዶች ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ ገቡ። መነጽራቸውን አስተካክለው የእኔን ወረቀት ካነበቡ በኋላ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ባሌስትራ ነው። ይኸኛው ሸሚያስ ነው። ይህች ክብ ደግሞ ኩሽኔታ ትባላለች። ስም ያለውን ነገር ለምን ሌላ ስም ታወጣለህ?» አሉኝ። አፈርሁ። ይሁን እንጂ ከዚያች ማታ ወዲህ ቃላቱን ከባለቤቶቻቸው አፍ መልቀም ጀመርሁ። በአማርኛችን ውስጥ የመጓጓዣ ቋንቋ በሦስት ንብርብር የተደረደረ መሆኑን የተረዳሁትም ያኔ ነው።

ሐዲድና ፈረንሳይኛ

የመጀመሪያው ንብርብር ከዚሁ ከጂቡቲ የተነሣ ነው። የባቡሩ ሥራ በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱም ከጭነቱ ጋር ቃላት አጓጓዘ። የአዲስ አበባው ለገሃር የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ነው። የድሬዳዋ ሰው ባቡሩን «ሸሚን ደፈር» እያለ ሲጠራም ፈረንሳይኛው ሳይፈታ በአማርኛ አንደበት ገብቷል። ሾፌር የምንለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ መነሻው «አሟቂ»፣ በእንፋሎት ሞተር ላይ እሳት የሚያነድ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ በአርባ ዲግሪ ሙቀት ካሚዮን የሚነዱ ወገኖቻችን የእሳት አንዳጅ ስም መሸከማቸው አላግባብ አይመስልም።

ነገር ግን ባቡር ከሐዲዱ አይወጣም። በ1907 መጨረሻ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ በጂቡቲ በኩል ጉዞ ጀመረ፤ በ1908 መባቻ አዲስ አበባ ገብቶም በዳግማዊ ምኒልክ ፊት አቀረባት። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ በሌላ መኪና እዚያው ደርሷል። ዛሬ የትርፍ ጊዜ መካኒኮች «ከመንገድ ውጪ የምትሄድ መኪና» እያሉ ለብቻዋ የሚለዩዋት ዓይነት በዚያን ጊዜ ልዩ ዓይነት አልነበረችም። የመኪና መንገድ ባልነበረበት አገር መኪና ሁሉ ከመንገድ ውጪ የምትሄድ ነበረች።

ካሚዮንና ጣሊያንኛ

ሁለተኛው ንብርብር የመጣው በጦርነት ነው። በ1935 የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ሲወር ወታደሩን፣ ጥይቱንና ስንቁን የተሸከሙት የጭነት መኪኖች ነበሩ። ከእነዚህም ዋነኛዋ ፊያት 634 ነበረች፤ ሕዝቡ የቁጥሩን መጨረሻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አላት፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ወራሪው በ1941 ሲባረር ብዙ መኪኖች ቀሩ፤ መንገዶቹም ቀሩ፤ በጥገና ሙያ የሚተዳደሩ ጣሊያኖችም እንዲሁ። የአገራችን ወጣቶች በእነዚህ ጋራዦች ቁልፍ አቀባይ ሆነው ገብተው መካኒክ ሆነው ወጡ። ጦር ይጭን የነበረው ካሚዮን ቡናና ጨው ጫነ፤ ትእዛዝ ይተላለፍበት የነበረው ቋንቋም የእጅ ሙያ መጠሪያ ሆነ።

ኋላ የመጣችው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤን ትሬ» ተብላ በመላው ኢትዮጵያ ታወቀች። የእነዚህን መኪኖች ገላ ከፊት እስከ ኋላ ብንጠራው ያለ ጣሊያንኛ አንድ ስንዝር አንሄድም፤ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሰልባቲዮ፣ ቸርኬ፣ ጎማ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እኛ ዘንድ ከደረሱ በኋላ ትርጉማቸው ተለውጧል። «ጋቢና» በጣሊያንኛ መላው የሾፌር ክፍል ነበር፤ በአማርኛ ግን ከሾፌሩ ጎን ያለው የክብር መቀመጫ ሆነ። «ባሌስትራ» ደግሞ በጣሊያንኛ አስቀድሞ የጥንት ወታደር ቀስት የሚያስፈነጥርበት መሣሪያ ስም ነው፤ ተለምጦ የሚመለስ በመሆኑ ለመኪናው ብረት ተሰጠ። እኔ በሦስት ማታ የፈጠርሁት «ተደራራቢ ተለማጭ ብረት» ይህን ሁሉ ታሪክ ሊሸከም አይችልም ነበር።

መገጣጠምም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። የውጭ ክፍሎችን አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ የሚገጣጥመው አምቼ የተባለው ፋብሪካ ስሙ ለሰውም ተርፏል። በኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉ የኤርትራ ልጆች «አምቼ» ተባሉ፤ ክፍሉ ከዚያ፣ ገጣጣሚው ከዚህ ነው ለማለት። በኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ላሜራ ቀጥቅጠው የሚሠሩት አውቶቡስም «ቅጥቅጥ» ተባለ። ከዚህም በታች ወርደን ብናይ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ካሚዮን ቀድዶ፣ ከቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ ጎማ ቆርጦ፣ በረጅም ሽቦ መሪ እየገፋ ያልሮጠ የመንገድ ዳር ልጅ ጥቂት ነው። ያ ልጅ የመኪናውን መጠን በዓይኑ ለክቶ ያሳንስ ነበር። በውጭ አገር በገንዘብ የሚገዛው የትርፍ ጊዜ ሙያ በእኛ መንደር በሽቦና በቆርቆሮ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል ወደ ጂቡቲ ዞረ። ከጋላፊ ኬላ እስከ ፔካ 12 ያለው መንገድ በካሚዮን ተሞላ፤ የጋራዥ አማርኛም ከሾፌሮቹና ከረዳቶቻቸው ጋር እዚህ ሰፈረ።

ሬዲዮና እንግሊዝኛ

ሦስተኛው ንብርብር በጠረጴዛችን ላይ የመጣው ነው። ተንቀሳቃሽ ነገርን በሬዲዮ መምራት የተጀመረው ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ባሳየው ትንሽ ጀልባ ነበር። ወደ መጫወቻ ዓለም ግን ዘግይቶ ገባ። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ በ1946 በእንጨት መሰንጠቂያነት የተጀመረው ታሚያ በ1976 የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትመራ መኪና ለገበያ አቀረበ፤ ፖርሸ 934 ነበረች። በ1979 አሸዋ ላይ የሚሮጡትን አወጣ። የእኛን ጉዳይ የሚነካው ግን የ1981 ሥራው ነው። ያን ዓመት የወጣችው የእውነተኛዋ ቶዮታ ሃይሉክስ አንድ አሥረኛ መጠን ያላት ስትሆን የብረት ሻንሲ፣ ሦስት ማርሽና እውነተኛ ባሌስትራ ነበራት። ከዚያ በፊት የሬዲዮ መኪና መለኪያው ፍጥነት ነበር። ከሃይሉክሷ በኋላ ግን ቀስ ብሎ መውጣትና እውነተኛዋን መምሰል ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። በ1985 ብሩዘር የተባለችው ተከተለች፤ በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ትራክሳስ ቲአርኤክስ 4 የተባለችውን ሲያወጣ የማርሽ ለውጡንና የዲፈረንሻል መቆለፊያውን ከእጅ መቆጣጠሪያው እንዲታዘዙ አደረገ።

እዚህ ላይ የሽማግሌው እውቀት ከስም አልፎ ወደ ሥራ ገባ። የእኛይቱ መኪና ተገጥማ እንዳለቀች ድንጋይ ላይ አንድ ጎማዋ አየር ላይ ይንጠለጠልና በከንቱ ይሽከረከር፣ ሌሎቹ ይቆሙ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲፈረንሻል በኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይበልጥ እንዲዞር ቢረዳም፣ አንዱ ጎማ መሬት ሲለቅ ኃይሉን ሁሉ ወደዚያው ይሰድዳል። ስለዚህ ጥርሶቹ እርስ በርስ እንዳይዞሩ ቆለፍናቸው። ይህም ሆኖ መኪናዋ እንደ ሣጥን ደረቅ ነበረች። ርዝመት በአሥር ሲካፈል ክብደት በሺህ ይካፈላል፤ 1500 ኪሎ የምትመዝን መኪና በአንድ አሥረኛ መጠን 1 ኪሎ ተኩል ብቻ ትሆናለች። ባሌስትራው እንዲህ ላለች ቀላል መኪና አይጎነበስም። ሽማግሌው በጣታቸው ተጭነው አዩና፣ «እኛ ከልክ በላይ ስንጭን ቅጠል እንጨምር ነበር፤ አንተ ግን ባዶ ነህና ቀንስ» አሉት። ልጁ ከእያንዳንዱ ባሌስትራ አንዳንድ ቅጠል አወጣ። ከጎማው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ የነሐስ ክብደት አሰረ። በማግስቱ መኪናዋ ድንጋዩን አቅፋ ወጣች።

የቀረው ማስጌጥ ነበር። ስፖንዳው ከፍራፍሬ ሣጥን ጣውላ፣ ፓራፋንጎው ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሸራው ከተቀደደ ጃንጥላ ተሠራ። የጂቡቲ ጨው ብረት ይበላልና ከየጉዞው በኋላ ኩሽኔታዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርገው ዘይት ይቀባሉ። የሊቲየም ባትሪውም በሐምሌ ሙቀት በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተውም።

ለሬዲዮው ክፍሎች ግን ሽማግሌው ስም አልነበራቸውም። እዚህ ላይ ተራው የእኔ ሆነና «ላኪ»ና «ተቀባይ» አልሁ፤ ተቀበሉኝ። ከተቀባዩ ትእዛዝ ሰምታ የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የምታዞረውን፣ እንግሊዝኛው «ሰርቮ» የሚላትን ትንሽ ሞተር ምን እንበላት ብዬ ስጠይቃቸው ግን ብዙ አላሰቡም። «የታዘዘውን የሚሠራ ረዳት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ።

ይህን የምጽፈው ለሳቅ ብቻ አይደለም። የዛሬው ካሚዮን ብልሽቱን የሚናገረው በኮምፒዩተር ነው፤ የኤን ትሬ ዘመን ሰዎችም አንድ በአንድ እየተለዩን ናቸው። እነርሱ የሚያውቁት አማርኛ በትምህርት ቤት አይሰጥም፤ በእጅ ሥራና በወሬ ብቻ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖሯል። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉም ይዘጋል። ባዕድ ናቸው ብለን ብንንቃቸው፣ በጦር መኪና ተጭኖ የመጣውን ቃል አባቶቻችን በጉልበታቸው የራሳቸው ያደረጉበትን ታሪክ አብረን እንጥላለን። በየሰፈራችን ያሉትን አሮጌ ሾፌሮችና መካኒኮች አንድ ደብተር ይዘን ብንጠይቃቸው ኪሳራው አንድ ስኒ ቡና ነው።

የእህቴ ልጅ ጀምሮታል። ከመመሪያው የክፍል ቁጥሮች ትይዩ የእያንዳንዱን ስም በፊደላችን ጽፏል፤ ሽማግሌውም በመነጽራቸው አንድ በአንድ ተመልክተው ሁለት ቦታ አርመውታል። የእኔን የሦስት ማታ ትርጉም ቀድጄዋለሁ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ከ«ላኪ»ና ከ«ተቀባይ» ቀጥሎ «ረዳት» የሚል ተጽፏል።