ፓካርድ ከዲትሮይት አልኮበለለም፦ የአንድ ባዶ ፋብሪካ ታሪክ እንደገና ሲመረመር

በዲትሮይት ኢስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ የተሠራው የፓካርድ መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1903 ተከፈተ፤ ንድፉ የአልበርት ካን ነው። ስለ ቅንጡ መኪኖቹም ሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስላመረታቸው ከ55,000 በላይ የመርሊን አውሮፕላን ሞተሮች ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የሚጨመርበት የለም።

የሚያከራክረው አሟሟቱ ነው። የታሪክ ምሁሩ ቶማስ ሰግሩ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ የከተማዋ ቁልቁለት የጀመረው ከ1967ቱ ሁከት በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ እንደነበር አሳይቷል፦ ፋብሪካዎች ወደ ከተማ ዳርና ወደ ሌሎች ግዛቶች ሲሄዱ፣ በዘር አድልዎ የተገፋው ጥቁር ሠራተኛ ባለበት ቀረ። ስለ አድልዎው ክርክር የለም፤ በ1943 ሦስት ጥቁሮች የሥራ ዕድገት አገኙ ብለው 25,000 ያህል ነጭ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙት እዚሁ ፓካርድ ውስጥ ነው። ስሕተቱ የፓካርድን ፍርስራሽ የዚያ ፍልሰት ምስክር አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው።

ፓካርድ በ1954 ገጣጠማውን ያዛወረው እዚያው ዲትሮይት ውስጥ፣ ኮነር ጎዳና ላይ ወዳለ ፋብሪካ ነበር። ምክንያቱ ከጦርነቱ ዋዜማ ይጀምራል። ኩባንያው ያን ጊዜ የመኪናውን ቦዲ ራሱ መሥራቱን እየተወ ለብሪግስ ኩባንያ ሰጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ቦዲው በጭነት መኪና እየመጣ ሻሲው ላይ ይገጠም ጀመር። የብሪግስ ባለቤት ዋልተር ብሪግስ በ1952 ሞተ። በ1953 መጨረሻ ደግሞ የብሪግስን ኩባንያ ክራይስለር ገዛው፤ የፓካርድ ቦዲ በተፎካካሪው እጅ ገባ ማለት ነው! ክራይስለር ከዚያ በኋላ ቦዲ እንደማያቀርብ ሲታወቅ፣ የፓካርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ናንስ የብሪግስን የኮነር ፋብሪካ ተከራይቶ ቦዲውንም ገጣጠማውንም እዚያ ከተተ። ቦታው ጠበበ። የ1955 ሞዴሎች የጥራት ጉድለት ይዘው ወጡ፣ ደንበኛ ሸሸ፤ በሰኔ 1956 ኮነርም ቆመ። ብዙዎች የሚወቅሱት በ1954 ከመኪና አምራቹ ስቱድቤከር ጋር የተደረገው ውህደት ዕዳውን አክብዶ ይሆናል። ግራንድ ቡሌቫርድን ያለ ገጣጠማ ያስቀረው ግን የቦዲው ውል ነው።

ባለ ብዙ ፎቁ ሕንጻ ጊዜው አልፎበት ነበር የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ለመኪና ገጣጠማ ያስኬድ ይሆናል፤ ለሕንጻው መፍረስ ግን አያስኬድም። የ1905ቱ 10ኛ ሕንጻ የተሠራው የካን ወንድም ጁሊየስ በፈለሰፈው ብረት ነበር፦ የብረቱ ጎንና ጎን እንደ ክንፍ ተቆርጦ ወደ ላይ ይታጠፍና ኮንክሪቱን ይይዛል። ይህ ግንባታ ፓካርድ ከሄደ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ተከራዮችን አስተናግዷል፤ አንድ የኬሚካል ሥራ ድርጅት ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣው በ2010 ነው። በእርግጥ ከአንድ ፋብሪካ ስለ ከተማ ሁሉ መደምደም አይገባም። ቢሆንም በኩባንያው ሞትና በሕንጻው ሞት መካከል ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት በዋዛ የሚዘለል አይደለም።

ፈርናንዶ ፓላሱዌሎ የተባለ ባለሀብት በ2013 ግቢውን በ405,000 ዶላር ገዛ። እድሳቱ ሳይሳካ ቀርቶ በ2019 መንገዱን ተሻግሮ ሕንጻዎቹን ያገናኝ የነበረው ድልድይ ተደረመሰ፤ ከተማዋም በ2022 ማፍረስ ጀመረች።