ነገረ ካፓሲተር፦ በትንሹ ባቡርና በጎረቤት ቴሌቪዥን መካከል

ሃይንሪሽ ኸርትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1880ዎቹ መጨረሻ በካርልስሩሄ ከተማ፣ በሁለት የብረት እንክብሎች መካከል ብልጭታ እያስነሣ፣ ከዚያ ብልጭታ የሚወጣው ረቂቅ ሞገድ አየሩን ተሻግሮ ራቅ ብሎ በቆመ ክፍተት ባለው ቀለበት ላይ ሌላ ታናሽ ብልጭታ እንደሚወልድ ባሳየ ጊዜ፣ የሬዲዮ ጥበብና የሬዲዮ ጠላት በአንድ ቀን መወለዳቸውን ልብ ያለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ብልጭታ ባለበት ሁሉ ሞገድ አለ፤ ሞገዱም፣ የሚሰማው ተቀባይ በአቅራቢያው ካገኘ፣ ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ይሆናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቤት ወለል ላይ የሚሽከረከረው አምሳለ ባቡር ከዚህ ነገር ጋር የተገናኘው ቆይቶ ነው። የጎፒንገኑ የሜርክሊን ቤት በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ ሐዲዱ በልክ የተወሰነ የመጫወቻ ባቡር ባቀረበ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው በቁልፍ የሚጠመዘዝ ሞላ ነበርና ማንንም አያውክም ነበር። የሊቨርፑሉ የሜካኖ ኩባንያ በ1938 ያወጣው የሆርንቢ ዱብሎ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በ12 ቮልት ቀጥታ ኮረንት የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በሆዱ ውስጥ የኸርትዝን ብልጭታ ተሸክሞ ይዞር ጀመር። ሁለት የከሰል ብሩሾች በሚዞረው የመዳብ ኮሙቴተር ላይ ሲታከኩ፣ ኮረንቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይቋረጣል፤ በጥቅልል ሽቦው ውስጥ የተከማቸው ኃይል ደግሞ መቋረጥን እሺ ስለማይል ክፍተቱን በብልጭታ ይዘለዋል።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በቴሌቪዥን ምክንያት ነው። ቢ.ቢ.ሲ. በኅዳር 1936 ከአሌክሳንድራ ፓላስ ማሰራጨት የጀመረውና በጦርነቱ ተቋርጦ በ1946 የተመለሰው ቴሌቪዥን፣ በ45 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይላክ የነበረ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ብርቱ ምልክትን ነጭ አድርጎ የሚያሳይ ስለ ነበረ፣ ከጎረቤት የመጣው ብልጭታ ሁሉ በምስሉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይረጭ ነበር። የሬዲዮን መታወክ የሚመረምረው ሲስፕር የተባለው ዓለም አቀፍ ሸንጎ በ1934 በፓሪስ ተሰብስቦ ሥራውን ጀምሮ ነበር፤ በእንግሊዝም የ1949ኙ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አዋጅ ለፖስታ ሚኒስትሩ አዋኪ መሣሪያዎችን በደንብ የመገደብ ሥልጣን ሰጠው። በሰኔ 1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ በዓለ ሲመት በተከበረበት ቀን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በቴሌቪዥን ፊት መቀመጡ የሚነገር ነውና፣ የጎረቤት ልጅ ባቡር ዘውዱን በነጭ ነጥብ ቢሸፍነው ምን ያህል ቁጣ ሊነሣ እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምት። በ1955 ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሮች ደንብ ወጣ።

ለባቡሩ የተሰጠው መድኃኒት እጅግ ትንሽ ነበር፤ ይኸውም በሁለቱ ብሩሾች መካከል የሚበየድ፣ ብዙ ጊዜ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የሸክላ ካፓሲተር ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖፋራድ ይደርሳል፤ አንዳንዴም በግራና በቀኝ ሽቦዎቹ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥቅልሎች ይጨመሩለታል። ቀጥታውን ኮረንት አያሳልፍም፣ ፈጣኑን ሞገድ ግን እዚያው በምንጩ አጠገብ በአቋራጭ ይመልሰዋል። ሞተሩ መኖሩን እንኳ ሳያውቀው፣ ለሌላ ሰው ቤት ሰላም ሲል ብቻ የኖረ ዕቃ ነበር፤ ከመጫወቻው ሁሉ ክፍል እኔ የማደንቀውም ይህን ነው።

ዘመነ ዲጂታል ሲመጣ ይህ የዋህ ዕቃ ጥፋተኛ ሆነ። ሆርንቢ በ1979 ዜሮ አንድ የተባለውን የዲጂታል ባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓት አወጣ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሜርክሊን የራሱን አስከተለ፤ የጊሰኑ የሌንዝ ቤት የነደፈውም ሥርዓት በ1990ዎቹ ውስጥ የአሜሪካ የአምሳለ ባቡር ማኅበር ለተቀበለው የጋራ መለኪያ መሠረት ሆነ። በዚህ የጋራ መለኪያ ሐዲዱ ሁልጊዜ ኃይል አለው፤ ትእዛዙ የሚጻፈው ዋልታው በሚገለባበጥበት ጊዜ ርዝመት ነው፤ ግማሽ ምቱ 58 ማይክሮሴኮንድ ከሆነ «አንድ»፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር ትእዛዙን አንብቦ፣ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኮረንት በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ፍጥነቱን ይወስናል።

እንግዲህ ካፓሲተሩ ፈጣኑን ነገር ሁሉ በአቋራጭ የመመለስ ባሕርይ ያለው በመሆኑ፣ የብልጭታውን ሞገድና የዲኮደሩን ምት ለይቶ አያውቅም፤ በየምቱ ይሞላል፣ በየምቱ ይራቆታል፣ ትራንዚስተሮቹም ያለ ጥቅም ይሞቃሉ። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። የተሻሉት ዲኮደሮች ኮረንቱን ለቅጽበት ዘግተው፣ ሞተሩ በመሽከርከሩ ራሱ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ በመለካት ፍጥነቱን ያስተካክላሉ፤ ካፓሲተሩ ግን በዚያች ቅጽበት የያዘውን ቮልቴጅ ስለሚጨምርበት ልኩ ይሳሳታል፤ ባቡሩም በዝግታ ሲሄድ ይንገጫገጫል። ኃይል ወደ ሐዲዱ በሚገባበት ማያያዣ ውስጥ የተቀመጠ ካፓሲተር ደግሞ የትእዛዙን ምት ጠርዝ ስለሚያደበዝዘው፣ የዲጂታል ሥርዓት ተጠቃሚ ያለ ካፓሲተር የተሠራ ማያያዣ ይፈልጋል።

ከዚህ የተነሣ ዲኮደር የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ በመቁረጫ ፒንሳ ካፓሲተሩን ቆርጦ ማውጣትን ልማድ አደረገው። ዲኮደር ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ነገር አንድ ቃል አይደሉም፤ አንዱ አውጡ ሲል ሌላው በሞተሩ ላይ ያለውን ተዉት ይላል። ባቡሩ ያለ መንገጫገጭ የሚሄድ ከሆነ የደኅናውን ሎኮሞቲቭ ሆድ መክፈት ለእኔ ቅንዓት እንጂ ጥበብ አይመስለኝም። እርግጥ ነው፣ ካፓሲተሩ የጠበቀው፣ ምስሉን በ405 መስመር ይሥል የነበረው ያ የጥንቱ ቴሌቪዥን በጥር 1985 ተዘግቷል፤ ከ2012 ወዲህም በእንግሊዝ የቀድሞው ዓይነት (አናሎግ) የቴሌቪዥን ሥርጭት የለም። ሬዲዮ ግን አለ፣ የአውሮፓም ሕግ ከ1996 ጀምሮ ዕቃው ለገበያ ሲቀርብ አዋኪ አለመሆኑን ግዴታ አድርጎታል።

ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ካፓሲተሩን ከሞተሩ አንሥተው፣ ዲኮደር እስኪገባ ድረስ የዲኮደሩን መሰኪያ በሚዘጋው ክዳን ላይ አኖሩት፤ በተለመደው ኮረንት የሚጫወት ሰው ክዳኑን ሳይነካ ሕጉን ይፈጽማል፣ ዲኮደር የሚያስገባውም ክዳኑን ሲነቅል ካፓሲተሩ አብሮ ይወጣለታል፣ ፒንሳም አያስፈልገውም።