ስለ ዐይን ሕክምና በወሎ፤ ወረንጦና ቦሩ ሜዳ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችውን ደሴን አልፎም ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ከተባለው ሰፊ መስክ ይደርሳል። ይህ መስክ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የየወገኑን ሊቃውንት ሰብስበው ስለ ነገረ ልደት ይደረግ የነበረውን የቆየ ክርክር በአዋጅ ባስቆረጡበት ጉባኤ ነው፤ ዕድሜዋ የገፋ የወሎ ገበሬ እናት ግን ቦሩ ሜዳ ሲባል የምታስበው ጉባኤውን አይደለም፣ ዐይኗን ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ሐኪሞች ትራኮማ፣ ባላገሩ ደግሞ የዐይን ማዝ የሚለው ደዌ ነው። በጣት፣ በነጠላ ጫፍና ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት ይተላለፋል። ሕፃኑን በመጀመሪያ ዐይኑን ከማቅላትና ዐይናር ከማብዛት በቀር ያን ያህል የጎዳው አይመስልም፤ ነገር ግን እየተመላለሰ በያዘው ቁጥር የላይኛው ቆብ ውስጠኛው ገጽ ጠባሳ እያበጀ ይኮማተርና፣ ልጁ አድጎ ለወግ ለማዕረግ በሚደርስበት ዕድሜ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ብሌኑ ይዞራል፣ ዐይን በተርገበገበ ቁጥርም ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ነጭ ጠባሳ ያለብሰዋል። ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉት ሴቶች በመሆናቸው፣ ፀጉር ወደ ውስጥ የገባባቸው ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ደዌው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደሮች ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ይዘውት በተመለሱ ጊዜ አውሮፓ ደንግጣ ነበርና፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1805 በለንደን ለዐይንና ለጆሮ የሚሆን፣ በኋላ ሙርፊልድስ የተባለው ሆስፒታል ተከፍቷል። ከዚያ አህጉር የጠፋው ግን አብዛኛው በመድኃኒት አይደለም፤ ውሃው ቤት ድረስ ስለ ገባ፣ ሕዝቡም ከመጨናነቅና ከዝንብ ስለ ተላቀቀ ነው።

እንዲህ ያለውን ደዌ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የወሎ ሰው በምን ተቋቋመው ቢሉ፣ በመጀመሪያ ደረጃ በወረንጦ ነው። ወረንጦ አንጥረኛ ቀጥቅጦ ያበጃት፣ ከጣት የማትረዝም፣ ባለ ሁለት ምላስ ብረት ስትሆን፣ ከማተቡ ወይም ከዶቃው ክር ጋር ታስራ ከአንገት አትለይም። እሾህ ለማውጣት የተሠራችው መሣሪያ የዐይን ሐኪም የምትሆነው እናቲቱ ጧት ፀሐይ በረገጠው ደጃፍ ተቀምጣ ራሷን በልጇ ወይም በጎረቤቷ ጭን ላይ ስታስደግፍ ነው፤ ነቃዪቱ በአውራ ጣቷ ቆቡን ወደ ላይ ገልበጥ ታደርግና ትንፋሿን ውጣ፣ ያችን አንዲት ፀጉር ከሥሯ ለመያዝ ትፈልጋለች፣ የያዘችውንም ነቅላ ብረቱን በነጠላዋ ጠርዝ ትጠርጋለች፣ ከዚያም ሌላዋን ትፈልጋለች። ፀጉሯ ከሥሯ ከተነቀለች ሕመምተኛዪቱ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ታገኛለች፤ ከመካከል ከተሰበረች ግን ጉቶዋ ከፊተኛው ይልቅ ይወጋል። ሊቃውንተ ሕክምና ይህን ልማድ ለብዙ ዘመን እንደ ድንቁርና ቈጥረውት ኖረዋል። ይሁንና በአማራ ክልል ወደ ዐይናቸው የገባው ፀጉር ከስድስት በታች በሆነባቸው 1,300 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2004 ዓ.ም. የታተመ ምርምር፣ በጥሩ መንቀያ በሚገባ የነቀሉትን በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ጋር ለሁለት ዓመት ሲያመዛዝን፣ ፀጉሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በማድረግ ቀዶው ቢበልጥም፣ በዐይን ብርሃንና በብሌን ጠባሳ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። ባልቴቶቹ የደዌውን ምንጭ ባያውቁም፣ ጉዳቱ የሚያልፍበትን በር በትክክል ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ ጸሎትና ጸበል ነበር፣ ዛሬም አለ። በመጽሐፈ ጦቢት እንደሚነበበው የወፍ ኩስ ዐይኑን ያሳወረው ጦቢት፣ ልጁ ጦብያ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር የዓሣ ሐሞት ቢቀባው ብርሃኑ ተመልሶለታል፤ ስለዚህም ጳጉሜን 3 ቀን የሩፋኤል በዓል ሲውል በዚያ ዕለት የሚዘንበው ዝናም እንደ ጸበል ይቈጠራል፣ ልጆችም ወጥተው ይጠመቁበታል። በዚያው ወሎ ጎረቤት የሆነው እስላሙ ደግሞ ከሼሁ ዱዓ ያስደርጋል። መቼም ስለ እነዚህ ነገሮች ሲጻፍ ወይ መሳቅ ወይ ማድነቅ የተለመደ ሆኗል፤ እኔ ሁለቱንም አልወደውም፤ ሕዝቡ ያለውን ሁሉ ይሞክር ነበር፣ ከሞከረውም አንዳንዱ ፍሬ ነበረው። ማታ ማታ ማየት የሚከለክለው ዳፍንት ለምሳሌ በአብዛኛው የቫይታሚን ኤ ጕድለት ስለሆነ፣ ለእርሱ ጕበት አብሉት ያለ የጥንት ባለመድኃኒት፣ ቫይታሚን የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰማ ፈውሱን ነግሯል፤ ጕበት ይህ ቫይታሚን ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ነውና። ወሎ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ያየው ረኃብ ሰውን እንዲህ ያለውን ምግብ ሁሉ የነሣ እንደ ነበር ሲታሰብ ግን፣ ምክሩ ለጠገበ ብቻ የሚጠቅም መሆኑ አይቀርም።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ደሴ የገባው በሚሲዮን በኩል ነው። በተፈሪ መኮንን ስም የተሰየመው የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል በከተማይቱ ሲሠራ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለኢጣልያው ጦርነት ደሴ በነበሩበት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ እርሱም ተመታ። የዐይን ብቻ ሐኪም ግን በዚያ ዘመን በወሎ የሚታሰብ ነገር አልነበረም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢሆን የዐይን ስፔሻሊስት የሚፈልግ ሰው ጒዞው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። የአገሪቱ የራስዋ የዐይን ሐኪሞች እዚያ መሠልጠን የጀመሩትም በ1970ዎቹ ነው።

ቦሩ ሜዳ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በሌላ በር ነው። በ1940ዎቹ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በዚያ መስክ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ አቋቋመ፤ ዘመድ የሸሻቸው፣ ጎረቤት ማዕድ የለየባቸው ድውያን ተሰብስበው መድኃኒትና መጠለያ ያገኙበት ስፍራ ሆነ። የሥጋ ደዌና የዐይን ሕመም ደግሞ የሚመስለውን ያህል የተራራቁ አይደሉም፤ የሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ሕመምተኛው ተኝቶም እንኳ ዐይኑን መክደን ይሳነዋል፣ ብሌኑም ስሜት ስለሚያጣ አቧራ ቢገባበት ባለቤቱ አያውቅም፣ ሳይታወቅም ቆስሎ ይጠፋል። ስለዚህ የሥጋ ደዌን የሚያክም ሁሉ ዐይንን ማየት ግድ ይለዋል። ሆስፒታሉ በኋላ የመንግሥት ሆኖ ዛሬ ድረስ በቆዳና በዐይን ሕክምና ስሙ የሚነሣ መሆኑ ከዚህ የወረደ ይመስለኛል። ሰው የሸሻቸውን ለማስጠጋት የተከፈተው ቤት ቀስ በቀስ የአገሩ ሁሉ ዐይን የሚታይበት ሆኗልና፣ የምጽዋት ሥራ እንዲህ ወደ ሙያነት ሲያድግ ማየት በታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የዐይነ ስውርነት ጥናት፣ ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በአገር ደረጃ ከመቶ 40፣ በአማራ ክልል ግን ከመቶ ከ62 የሚበልጡት ንቁ የዐይን ማዝ ተገኘባቸው። ይህን ያህል ሕዝብ በስፔሻሊስት እጅ አክሞ መጨረስ የማይቻል ስለሆነ፣ ቆብ የማዞሩን ቀዶ ነርሶች ተምረው በየጤና ጣቢያው እንዲሠሩት ተደረገ፤ ቆቡ ይደነዝዛል፣ በልኩ ይቀደዳል፣ የፀጉሩ ጠርዝ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል፣ ሴቲቱም በዚያው ዕለት ዐይኗን አሽጋ ወደ ቤቷ ትገባለች። በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለቦች ርዳታ፣ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ዚትሮማክስ በየቀበሌው መታደል ሲጀምር ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን በሚዛን ሳይሆን ምልክት በተደረገበት በትር ይለካ ጀመር፤ ልጁ ጫማውን አውልቆ ከበትሩ አጠገብ ይቆማል፣ ራሱ የደረሰበት ምልክት ስንት ክኒን ወይም ስንት ሽሮፕ እንደሚገባው ይናገራል፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን በክኒኑ ፈንታ የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ይሰጠዋል።

በዚያው በ1998ቱ ጥናት ግማሽ ያህሉን ዐይነ ስውርነት ያመጣው ግን የዐይን ማዝ ሳይሆን የዐይን ሞራ ነበር። ሞራ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የዐይን ምስር መደፍረስ ሲሆን ፈውሱ ቀዶ ብቻ ነው፤ የደፈረሰው ምስር ወጥቶ በስፍራው የሚተከለው ሰው ሠራሽ ምስር፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎች ዐይን ውስጥ የገባ የአውሮፕላን የፕላስቲክ መስኮት ስብርባሪ ሥጋውን እንዳላስቆጣው አስተውሎ በ1942 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ነው። ፋብሪካ የበዛባት ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜው የገፋ ሸማኔ ሞራው ተገፎለት ማግሥቱን የልጁን ፊት ሊለይ ይችላል።

የዐይን ማዝ ጠባሳ ያለበሰው ብሌን ግን እንዲህ አይመለስም። ለእርሱ የሚደረገው ከሞተ ሰው ብሌን የማዛወር ሕክምና ሲሆን፣ ለዚህ የሚሆነው የዐይን ባንክ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው። ብሌኑ ቢገኝ እንኳ ቆቡ ገና የተቀለበሰና እንባው የደረቀ ዐይን የተተከለለትን ብዙ ጊዜ ይዞ አይቆይም፤ ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ቆቡን ያቃናል፣ ዐይኑ እስኪረጋም ያቆየዋል፣ ያለዚያ የተገኘውን ብሌን ለሌላ ሰው መስጠት ይመርጣል።