የሽቪድኒትሳ የሰላም ቤተ ክርስቲያን

በደቡብ ምዕራብ ፖላንድ፣ በሽቪድኒትሳ ከተማ የሚገኘው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1656 እስከ 1657 የተሠራ ነው። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በ1648 በዌስትፋሊያ ስምምነት ካበቃ በኋላ፣ ካቶሊካዊው የሀብስበርግ ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ 3ኛ በሲሌዥያ ለሚኖሩ ሉተራውያን ሦስት አብያተ ክርስቲያናት እንዲሠሩ ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን ከክልከላ የሚተናነስ አልነበረም፤ ሕንፃዎቹ ከከተማ ቅጥር ውጭ፣ ያለ ደወልና ማማ፣ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከጭድ ብቻ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ ነበረባቸው።

ነዳፊው የምሽግ መሐንዲስ አልብሬክት ፎን ዜቢሽ፣ በእንጨት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች መካከል ያለው ክፍተት በጭድ በተለወሰ ጭቃ እንዲሞላ፣ ውስጡም በተደራረቡ ሰገነቶች እንዲከፈል አደረጉ፤ በዚህም ሕንፃው 7,500 ያህል ምእመናንን ለመያዝ በቃ። የደወል ማማው የተጨመረው በ1708 ነው። ሕንፃው ከያቮር አቻው ጋር በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሦስተኛው፣ የግሎጉቭ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1758 በእሳት ወድሟል።