አዱሊስ፦ ስሟን ግሪክ አልሰጣትም

አዱሊስ በተነሣች ቁጥር አንድ ተረት ቀድሞ ይደርሳል። «ዱሎስ» በግሪክኛ ባሪያ ነው፤ ከፊቱ «አ» ሲገባበት «ባሪያ ያልሆነ» ይሆናል፤ ስለዚህ ከተማዋን የቆረቆሯት ከግብፅ ያመለጡ ባሮች ናቸው ይባላል። ታሪኩ ጆሮ ይስባል። እኔን ግን ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል፤ የአክሱምን የባሕር በር ስሟን ሳይቀር ለባዕድ ያስረክባልና።

የተረቱ ምንጭ ሮማዊው ፕሊኒ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጀው መጽሐፉ፣ አዱሊስን የመሠረቷት ከጌቶቻቸው የኮበለሉ የግብፅ ባሮች ናቸው ይላል። አገሩን በዓይኑ አላየም። እዚያው ዝቅ ብሎ ደግሞ ወደ ገበያዋ የሚመጣውን ሸቀጥ ይዘረዝራል፦ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የኤሊ ቅርፊት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ ባሪያ ይጨምራል። ሰው የሚሸጥባት ወደብ እንዴት ሆና «ባሪያ ያልሆነች» ትባላለች?

ግሪኮች ስም ሲያወጡ እንዴት እንደሚያወጡም እናውቃለን። በቀይ ባሕር ዳርቻ የተከሏቸውን ሰፈሮች በረኒቄ፣ አርሲኖዬ፣ ጵጦሌማይስ ብለው በነገሥታቶቻቸውና በንግሥቶቻቸው ሰየሙ። አዱሊስ ከዚህ ዘር አይደለችም። መጥተው ያገኙትን ስም በአፋቸው አለዘቡት እንጂ አልፈጠሩትም። የስሙን መጀመሪያ የትግርኛው «ዓዲ» (አገር፣ መንደር) ብሎ ለማንበብ የሚሻም ቢኖር፣ የቀረውን ምን ሊያደርገው ነው?

ከሁሉ የማምነው ኮስማስን ነው። ይህ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ በደረሰ ጊዜ፣ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሒምያርን ለመውጋት እየተሰናዳ ነበር። ንጉሡ የከተማዋን ገዥ እዚያ በቆመው የድንጋይ ዙፋን ላይ ያለውን ጽሑፍ አስገልብጠህ ላክልኝ አለው፤ ገዥውም ኮስማስንና አንድ ባልንጀራውን ጠርቶ አስገለበጠ። ዙፋኑ ነጭ እብነበረድ ነበር፤ በከተማዋ ምዕራባዊ መግቢያ፣ ወደ አክሱም ከሚወስደው መንገድ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ከኋላው ዝሆን ያሳድን የነበረው የሣልሳዊ ጵጦሌማይዮስ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሁለቱም ድንጋዮች ዛሬ የሉም፤ ጽሑፋቸውን ያወቅነው በዚህ ነጋዴ እጅ ብቻ ነው። ታዲያ ቆሞ ያየውና በጆሮው የሰማው ሰው ከተማዋን «አዱሌ» ብሎ ነው የጻፈው። «ስ» የግሪክ ጅራት ናት፤ ስትቆረጥ የአገሩ ስም ብቅ ይላል።

ያ ስም አልሞተም። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ ተጓዦች ፍርስራሹ «አዙሌ» ሲባል ሰምተዋል፤ አጠገቡ ያለችው መንደር እስከ ዛሬ ዙላ ናት፣ ሰላጤውም የዙላ ሰላጤ። «ደ» ወደ «ዘ» ዞሯል፣ የፊተኛው «አ» ወድቋል። ዙላ የአዱሊስ ልጅ ናት የምለው በዚህ ነው።

በ525 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለካሌብ ዘመቻ 60 መርከቦች ከአይላ፣ ከክሊስማ፣ ከፋራሳን፣ ከህንድ ሳይቀር የተሰበሰቡት በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ነው፤ 10 ደግሞ እዚያው ተሠሩ። በዚህ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ እንዳልነበር የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ይህን ያህል ኃይል ያሰባሰበች ወደብ ስሟን ከኮብላዮች ተረት የምትለምን አይደለችም።

ከ7ኛው መቶ ዘመን በኋላ መዛግብቱ ይሳሳሉ። ከተማዋ በአሸዋ ሥር ገባች፤ ስሙ ግን በዚያ በረሃ ከብት በሚያግዱ የሳሆና የአፋር ሰዎች አፍ ቆየ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲነሣ የወረደው በዚሁ ዙላ ነው፤ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ፣ ጵጦሌማይዮስ ዝሆን ባሳደነበት ምድር ዳርቻ አራገፋቸው።

የመማሪያ መጽሐፍና የጉብኝት መመሪያ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ «ያመለጡ ባሮች ከተማ» የሚለውን ሰርዙልን። አዱሊስ ብላችሁ ስትጽፉ ከጎኗ ዙላን ጻፉ።