«የሰው ልጅ» ማን ነው? የግዕዙ ሄኖክና የታሪክ ተመራማሪዎች

በገርጂ ባለው የቤት ኅብረታችን አንድ ወጣት ወንድም፣ «ምሁራን ኢየሱስ ተራ መምህር ነበር፣ ሰማያዊ ክብሩ በኋላ ነው የተጨመረለት ይላሉ፤ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ዝም አለ። ጥያቄውን ይዤ ስመረምር ያልጠበቅሁት ረዳት አገኘሁ፤ የራሳችን አገር ብራና።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ አሳተመው። ከዚያም በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ፣ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ።

ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ግን በቁምራን አልተገኘም። ስለዚህ ዮዜፍ ሚሊክ የተባለ ሊቅ ክፍሉን ዘግይቶ የመጣ የክርስቲያኖች ጽሑፍ ነው አለ። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በኢየሱስ ዘመን አካባቢ የተጻፈ የአይሁድ ሥራ መሆኑን ይቀበላሉ። ክርክሩ የበረታው በክፍሉ ውስጥ በክብር ዙፋን ተቀምጦ በነገሥታት ላይ የሚፈርድ «የሰው ልጅ» ስላለ ነው። ከመጠሪያዎቹ አንዱ «ወልደ እጓለ እመሕያው» ነው፤ በግዕዙ ወንጌልም ጌታ ራሱን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

እኛ ወንጌላውያን ሄኖክን ከ66ቱ መጻሕፍት ጋር አንቆጥረውም፤ ሐዋርያው ይሁዳ ግን የሄኖክን ትንቢት ያነሣል (ይሁዳ 14)። መጽሐፉ እንደ ታሪክ ምስክር አንድ ነገር ያሳየናል፦ ሰማያዊውን ፈራጅ መጠበቅ ቤተ ክርስቲያን በኋላ የፈጠረችው ሐሳብ አይደለም። ከዳንኤል 7 ጀምሮ በአይሁድ ዘንድ ሥር ነበረው።

ይህ ብቻውን ግን ፈራጁ ኢየሱስ መሆኑን አያረጋግጥም። ታሪክ እስከ ደጁ ያደርሰናል እንጂ አያስገባንም። ደግሞም ትልቅ ልዩነት አለ። የሄኖኩ የሰው ልጅ ይፈርዳል እንጂ አይሞትም። ጌታችን ግን በማርቆስ 10፥45 የመጣው ለማገልገልና ሕይወቱን ስለ ብዙዎች ለመስጠት እንደሆነ ተናገረ። በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንኳ መዝግቦታል። ፈራጁ ራሱ ተፈረደበት! ወንጌሉ ይህ ነው።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ሲጠይቁ አንቆጣ፤ አብረን እንመርምር። ጌታ በፊልጶስ ቂሣርያ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ማንነቱ በጠየቀ ጊዜ፣ ሰዎች የሚሉትን ከሰማ በኋላ ወደ እነርሱ ዞሮ ነበር። ዛሬም ምሁራን የሚሉትን ከሰማን በኋላ ጥያቄው ወደ እያንዳንዳችን ይዞራል። አንተስ? አንቺስ?